ፈገግ በሉና ቢጫው አምፖል

እናቱ ያወጡለትን ስም ከመታወቂያው በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ለሰው ሁሉ «ፈገግ በሉ» ነው። ዕድሜውን ሰርግ ሲቀርጽ የኖረ ካሜራማን ነውና፣ ሙሽራዋ ብታለቅስ፣ ሚዜዎች ቢጣሉ፣ አማቶች ቢኮራረፉ፣ እሱ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ «ፈገግ በሉ» ማለቱን አይተውም ነበር። በሥራው ላይ አንድ ሕግ ነበረው፤ የሰው ራስ አይቆርጥም። የሙሽራው አባት ጠጋ ብለው፣ «ያንን ሰካራም የእህቴን ባል ከፎቶው አውጣልኝ» ቢሉት እንኳ፣ «ጋሼ፣ ዝምድናውን እርስዎ ይቁረጡ። የኔ ሥራ ሁሉንም ማስገባት ነው» ይላቸዋል። ረጃጅም ሚዜዎች ያጋጠሙት ቀን ሁሉንም ላስገባ ብሎ ወደ ኋላ ሲራመድ ቦይ ውስጥ ወድቆ ያውቃል። ካሜራውን ግን ከፍ አድርጎ እንደያዘ ነበር ያወጡት።

ሚስቱንም ያገኛት በዚሁ ሥራ ነው። የቀረጸውን ቪዲዮ የምትቆርጥና የምትቀጥል ኤዲተር አጥቶ ሲቸገር አንዲት ዝምተኛ ልጅ መጣች። ብርሃን ከየት እንደሚመጣ፣ ሌንስ እንዴት እንደሚመረጥ እሱ አስተማራት። ከዚያ ተጋቡ። ከተጋቡ በኋላ ማታ ማታ እየተማረች ዲግሪዋን ያዘች፤ እሱ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ለደንበኞቹ፣ «ያገባኋትስ እኔ ነበርኩ፣ ማታ ማታ የሚወስዳት ግን ዩኒቨርሲቲው ነው» እያለ ያስቃቸው ነበር። እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

አንድ ቀን ባህር ማዶ ላለ የፊልም ትምህርት ቤት ለሁለተኛ ዲግሪ አመለከተች። የሥራ ናሙና ላኪ አሏት። እሷም የሱን የሰርግ ካሴቶች በረበረችና አንድ አጭር ፊልም ሠራች። ሰርጉ አልቆ፣ እንግዳው ተበትኖ፣ ወንበር ሲነሳ፣ የሙሽራ እናቶች በባዶው አዳራሽ ውስጥ ብቻቸውን የሚቀመጡበት ምስል ብቻ ነበር። ፈገግ በሉ ዕቃውን ሲሰበስብ ካሜራውን የማጥፋት ልማድ ስላልነበረው ሳያስበው የቀረጸው ነው። ትምህርት ቤቱ ተቀበላት፤ ወጪዋንም ሊችል ተስማማ። ፈገግ በሉ ደስታውን ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰ። ነገር ግን ያን ዕለት አንዲት ነቀዝ ሆዱ ውስጥ ገባች። ምስሉ የኔ ነው፣ አለች ነቀዟ፤ የገባችው ግን እሷ ናት።

እናም አብሯት ሄደ። በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ «የተማሪ ባል» ተብሎ ተጻፈለት። እዚያ አገር ከሆቴሎች የሚመጣ አንሶላ በሚታጠብበት ትልቅ ላውንደሪ ሥራ አገኘ። የሚኖሩት በአንድ ፎቅ ላይ፣ አንድ ክፍልና በጎን ካልሆነ የማይገባበት ኩሽና ባላት ቤት ነበር። ከምድጃው በላይ ያለችው አምፖል ነጭ ብርሃን ትሰጣለች፤ ከጠረጴዛው በላይ የተንጠለጠለችው ደግሞ የቤቱ አከራይ ትቷት የሄደ፣ ወተት የመሰለ መስታወት ያላት ቢጫ አምፖል ነበረች። የነዚህን የሁለት አምፖሎች ነገር ልብ በሉ።

ሚስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወሬ ይዛ ትመጣለች። ወሬዋ ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ነበር፤ አብሯት የሚማር፣ ካሜራ የሚያጠና፣ ከቁመቱ የተነሳ በር ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ልጅ። «እሱ እኮ ጥላም ይናገራል ይላል።» «እሱ እኮ ሌንሱን አውልቆ ያሸተዋል።» ፈገግ በሉ ሰምቶ ሰምቶ ስም አወጣለት፤ የስልክ እንጨት።

«ጥላ የሚናገር ቢሆን የኔ ሰርጎች ሁሉ ይከሱኝ ነበር» አላት አንድ ምሽት።

«አንተ ደግሞ። ብታገኘው እኮ ትወደዋለህ።»

«አንቺ ከወደድሽው ይበቃል።»

ቀና ብላ አየችው። እሱ ሳህኑን አየ።

ላውንደሪው ውስጥ አንሶላ አብረውት የሚያጥፉት የአገር ቤት ሴት ነበሩ፤ በዕድሜ የገፉ፣ አፋቸው የማይገታ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላቸው። አንሶላውን በሁለት በሁለት ጫፍ ይዘው ሲጠጋጉና ሲራራቁ የሚያወሩት አያልቅም።

«ዛሬም ፊትህን እንደ አንሶላ አጣጥፈህ መጣህ» አሉት እትዬ።

«ምንም የለ።»

«ምንም የለ የሚል ሰው አንሶላ እንዲህ አይጎትትም። ልትቀድድብኝ ነው እኮ። ሚስትህ ናት?»

«ከሷ ጋር የሚማር አንድ ልጅ አለ።»

«መልከ መልካም ነው?»

«ረጅም ነው።»

እትዬ ጫፋቸውን ለቀው ሳቁ። «አይ ወንድ። እኔ እኮ ቁምነገር ያለው መስሎኝ።»

ለሳቸው እንዴት አድርጎ ያስረዳቸው? ሰዎች የሚያውቁት ቅናት ወንድ በሴት ላይ የሚቀናው ነው። እሱ ግን ሚስቴን ወሰደብኝ ብሎ ብቻ አልነበረም የሚበግነው። ሚስቱ ስለ ብርሃን የምታወራው ከሌላ ሰው ጋር ነው። «ይሄ ምስል ጥሩ ነው ወይ?» ብላ የምትጠይቀው ሌላ ሰው ነው። የሱ እጅ አንሶላ ያጥፋል፤ የዚያ ልጅ እጅ ካሜራ ይይዛል። የቱ እንደሚያቃጥለው ራሱም ለይቶ አያውቅም።

የዓመቱ ማለቂያ ሲቃረብ ሚስቱ የማለፊያ ፊልሟን ልትሠራ ሆነ። አጭር ፊልም ነው፤ ከወደቀ ግን የሁለተኛው ዓመት ትምህርት የለም፣ ወጪዋንም የሚችል የለም፣ ዕቃን ጠቅልሎ መመለስ ነው። ትምህርት ቤቱ ጥሩውን ካሜራ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚሰጠው ለአንድ ቀን ብቻ ነበር።

ፈገግ በሉ ይህን ሲሰማ እጁን አፋተገ። «ካሜራውን እንግዲህ እኔ ነኛ የምይዘው።»

«አይቻልም» አለች ቀስ ብላ። «ከካሜራው ጀርባ የሚቆመው የተመዘገበ ተማሪ ብቻ ነው። ደንብ ነው። ዕቃው ኢንሹራንስ አለው።»

«ታዲያ ማን ሊይዘው ነው?»

ዝም አለች። ከዝምታዋ ርዝመት የሰውየው ቁመት ታወቀ።

«የስልክ እንጨቱ?»

«ስም አለው እኮ።»

«እኔም ነበረኝ።»

እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ከካሜራው ፊት ግን ማንም መሆን ይችላል። አንተን ነው የምፈልገው።»

«ምን ሆኜ?»

«ሚስቱን የሚጠብቅ ባል። እዚሁ ቤታችን ትቀመጣለህ፣ በሩን ታያለህ፣ በቃ።»

«እሱንማ ዓመቱን ሙሉ ስሠራው ከረምኩ።»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ነገር ግን እምቢ አላለም፤ እምቢ ቢል ቀኑን ሙሉ ቤቱ ውስጥ የሚሆነውን አያይማ።

የቀረጻው ዕለት ጠዋት ሦስት ሆነው መጡ፤ ሚስቱ፣ ድምፅ የምትቀዳ ዓይነ አፋር ልጅና የስልክ እንጨቱ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ የፈገግ በሉን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ተጠንቅቆ፣ እንደ ጸሎት «ፈ-ገግ በ-ሉ» አለው። ሚስቱ አስተምራዋለች ማለት ነው። ያ ሁሉ ሰርግ ያወጣለት ስም ከዚያ አፍ ሲወጣ አንድ ነገር የተሰረቀበት መሰለው።

ልጁ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፈነው። ያመጣውን መብራት ሁሉ አየት አየት አደረገና ወደ ሻንጣው መለሰው። ቀና ብሎ የተንጠለጠለችውን ቢጫ አምፖል አይቶ ለሚስቱ አንድ ነገር አላት።

«ይቺው ትበቃለች ይላል» አለች ሚስቱ፣ ዓይኗ እያበራ።

ጠዋቱን ሙሉ ከጀርባው፣ ከጎኑ፣ ከሩቅ ቀረጹት። ፈገግ በሉ ተቀመጥ ሲሉት ተቀመጠ፣ በሩን እይ ሲሉት አየ። አንድ ጊዜ ሳያስበው ትከሻውን ወደ ብርሃኑ ሲያዞር ሚስቱ፣ «አታግዘን፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ» አለችው። ድምፅ የምትቀዳዋ ልጅ ቃሉን ባትሰማም አነጋገሩ ገብቷት አቀረቀረች።

ለምሳ ሲወጡ፣ «አልራበኝም» ብሎ ቀረ። ውጪ፣ ፀሐይ በሚመታው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ዳቦ ሲበሉ በበሩ በኩል ይሰማዋል። የስልክ እንጨቱ አንድ ነገር አለ፤ ሚስቱም ሳቀች። ሆዷን ይዛ የምትስቀው ሳቅ ነበር፤ ድሮ ስቱዲዮው ውስጥ በቀረጸው ቪዲዮ ላይ የአንድ ሙሽራ ኬክ ሲወድቅ አብረው አይተው የሳቀችው ዓይነት። እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ ያን ሳቅ ሰምቶት አያውቅም። እንዲያውም እዚያው አገር ቤት ቀርቷል ብሎ ነበር የሚያስበው።

ካሜራውን አልነካውም። የሰው ካሜራ አይነካም፤ ያን ያህል ክብር አለው። ግን ጠጋ ብሎ በትንሿ ስክሪን አየ። ባዶ ወንበር፣ ቢጫ ጭጋግ። ይሄ ብርሃን ነው? አለ በሆዱ። ሰርግ ላይ እንዲህ ብቀርጽ የሙሽራው ወንድሞች ከነካሜራዬ ያባርሩኝ ነበር። ፊቴ የት አለ? አስተማሪዎቹስ ይህን አይተው ምን ሊሏት ነው? ይሄ ልጅ ሊጥላት ነው።

ለሷ ብዬ ነው፣ አለ። ሰው ራሱን ሲያታልል ምስክር አይጠራም። ኩሽና ገብቶ ነጯን አምፖል ፈታ፤ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ቢጫዋን በሸሚዙ ጫፍ ይዞ አወለቀ። ክፍሉ ድቅድቅ አለ። ያኔ ሳቁ ከደረጃው እንደገና መጣ። ነጯን አምፖል ሲጢጥ እስክትል አጠበቃት። ቢጫዋን ኩሽና ወስዶ ሰቀላት። ከፀሐይ የገባ ዓይን ለጊዜው ነጭና ቢጫ እንደማይለይ ያውቅ ነበር። ይህን የሚያውቅ የሙያው ሰው ብቻ ነው።

እንዳሰበውም ሆነ። ተጣድፈው ገቡ፤ ካሜራው ከመመለሻው ሰዓት ጋር እየተሯሯጠ ነው። የስልክ እንጨቱ ስክሪኑን አየ፣ ዓይኑን አሸ፣ ሌንሱን ወለወለ፣ አንድ ነገር አጉተመተመ።

«ፊትህ አሁን በደንብ ይታያል ይላል» አለች ሚስቱ።

በፈገግ በሉ ሆድ ውስጥ ደስታና እፍረት እንደ ሁለት ድመት ተናከሱ። ከሰዓት በኋላ ፊቱን ከቅርብ ቀረጹት። ወጥተው ሲሄዱ ደክሞት ነበር፤ አምፖሎቹን ወደየቦታቸው መመለስ ረሳ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በዕረፍት ቀኑ ጠዋት፣ ሚስቱ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ከፈተችና ወንበር ሳበችለት። ሁለት ምስል ጎን ለጎን አስቀምጣለች። በግራው ሰውየው በለሰለሰ ቢጫ ብርሃን ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። በቀኙ ያው ሰውዬ፣ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ሰዓት ተብሎ፣ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ፣ የአፍንጫው ጥላ በምላጭ የተቆረጠ መስሎ ተደቅኗል። ሁለቱ አይገጥሙም። የአንድ ቤት ሰው አይመስሉም።

«ምን ይታይሃል?» አለችው።

«የካሜራማንሽ ሥራ ነዋ። ጠይቂው።»

«ጠየቅኩት። ሳላስተውል ቀርቼ ነው ብሎ ራሱን እየሰደበ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ነገ ለአስተማሪያችን ሊናገር ነው።»

ፈገግ በሉ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ቀለሙን ማስተካከል አይቻልም እንዴ?»

«ቀለሙን ላስተካክል። ጥላውንስ ማን ያለሰልስልኛል?» ቀለም ይታረማል፣ የጥላ ስለት ግን አይታረምም ብሎ ያስተማራት እሱ ነበር። ላፕቶፑን ከደነችው። «ከቀረጻው ዕለት ጀምሮ ኩሽናችን ቢጫ ሆኗል» አለች። «በየቀኑ እዚያ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ዛሬ ይነግረኛል፣ ዛሬ ይነግረኛል ስል ነበር።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት ይሄ ነው። ፈገግ በሉ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ከዚያ ያቺ ነቀዝ በአፉ ወጣች።

«በኔ ምስል አይደለም እንዴ የገባሽው?»

«አዎ፣ በአንተ ምስል ነው የገባሁት» አለች። ድምፅዋ አልተነሳም። «እና አሁን በአንተ አምፖል ልውጣ?»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

በማግስቱ ላውንደሪው ውስጥ እትዬ አንሶላውን ይዘው ብዙ ጠበቁት።

«ጎትት እንጂ። ዛሬ ደግሞ ጉልበትህን ማን ወሰደው?»

ነገራቸው። አምፖሉን፣ ሳቁን፣ ሁሉንም። እትዬ ሰምተው ሲጨርሱ አልሳቁም።

«ሌላ ሰው ጥፋትህን ሊሸከምልህ ነው ማለት ነው» አሉ።

«ይመስለኛል።»

«ይህንንም ልትቀናበት ነው? ጥፋትህን እንኳ ቀማኝ ብለህ?» አንሶላውን ከእጁ ወሰዱት። «ሂድ። እኔ ብቻዬን አጥፋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንተ ግን ወረቀት አይደለህም።»

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሚስቱንና የስልክ እንጨቱን አብረው ሲወጡ አገኛቸው። በዚያ አገር ቋንቋ የሚያውቀው አንሶላና ፎጣ፣ ሰላምታና ይቅርታ ነበር። በደረቱ ላይ ጣቱን ቀስሮ፣ «አምፖል። እኔ» አለው ልጁን።

ልጁ ግንባሩን ቋጥሮ ለምን ብሎ ጠየቀ። ቅናት የሚለውን ቃል ፈገግ በሉ በዚያ ቋንቋ አያውቀውም። በልጁ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለውን የካሜራ ቦርሳ አሳየው። ትንሽ ቆየና ሚስቱንም አሳየው።

ሚስቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየች። ልጁ ራሱን አከከ፣ አሰበና አንድ ረጅም ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?»

«በሚቀጥለው አምፖል ስትቀይር ጥራኝ ይላል። እኔ ወንበር አያስፈልገኝም ይላል።»

ቢሰድበው ይሻል ነበር። ደግ ሰው ላይ መቅናት ድርብ ድካም ነው።

መፍትሔውን ያመጣችው ሚስቱ ናት። ሁለቱ ምስሎች ካልገጠሙ በመሃላቸው የሚያገናኝ ነገር ያስፈልጋል፤ እሱም የሆነው ነገር ራሱ ነው። ሚስቱን የሚጠብቀው ባል ተነስቶ አምፖሉን ይቀይራል። የስልክ እንጨቱ አንድ ጓደኛውን ለምኖ ለግማሽ ቀን ካሜራ ተዋሰላቸው። ቢጫዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣ መስኮቱ ተሸፈነ፣ ፈገግ በሉ ነጯን አምፖል በእጁ ይዞ ወንበሩ ላይ ወጣ።

«እንደ ሠራተኛ አትቀይራት» አለችው ሚስቱ ከታች ሆና። «ያን ቀን እንደቀየርካት አድርገህ ቀይራት። ያን ቀን ምን እያሰብክ ነበር? እሱን አስብ።»

«እሱ ፊት?»

«አማርኛ አይሰማም።»

«ፊቴን ግን ያነባል። ሥራው ነው።»

«ያንብበው።»

ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። ፈገግ በሉ በሸሚዙ ጫፍ ይዞ ቢጫዋን አወለቃት፤ ጨለማ ሆነ። በጨለማው ውስጥ ማንም አልሳቀም፤ እሱ ግን ሳቁን ሰማው፤ ደረጃው ላይ ያለውን፣ የኬኩን፣ ሁሉንም። ነጯ አምፖል ክሯን ስታ ቆየች። በመጨረሻ ስትያያዝ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ተደፋ። ያን ፊት ሊሸፍነው አልቻለም፤ ሁለት እጁ አምፖሏ ላይ ነበር።

«ይሄ ነው» አለች ሚስቱ በቀስታ። ወንበሩን ይዛለት ነበር።

ፊልሙ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ታየ። ፈገግ በሉ ከኋላ ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ በሩን ሲያይ፣ ሲነሳ፣ በጨለማ ሲደናበርና ያ ነጭ ብርሃን ሲመታው አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ፈገግ በሉ ደግሞ በሌላ ነገር ተያዘ። ሚስቱ ያንን ሰውዬ ምን ያህል ረጅም ጊዜ እንዳየችው አስተዋለ። ከፊቱ ላይ ቶሎ አልቆረጠችም፤ ሌላ ኤዲተር ቢሆን ድሮ በቆረጠው ነበር። ጆሮ ግንዱ ላይ ያለውን ሽበት፣ የአንገቱን መታጠፍ፣ ሁሉንም አሳይታለች። እኔን በቤት ውስጥ እንዲህ አይታኝ ታውቃለች? አለ በሆዱ። በስክሪኑ ሰውዬም ቀና።

ተጨበጨበ። አስተማሪዋ ተነስታ ፊልሙ አልፏል ብላ ከተናገረች በኋላ፣ የአምፖሉን ሐሳብ ማን እንዳመጣው ጠየቀች። ሚስቱ ወደ ኋላ ዞራ ፈለገችው። እሱ አንገቱን ቀበረ።

ውጪ ደጃፉ ላይ ፎቶ እንነሳ ተባለ። ድምፅ የምትቀዳዋ ልጅ፣ አስተማሪዋ፣ ሌሎችም ተማሪዎች ተሰለፉ። ሚስቱ መሃል ሆነች። የስልክ እንጨቱ ከጎኗ ቆመና ካሜራውን ከትከሻው አውልቆ፣ ደንቡ በር ላይ የቀረ ይመስል፣ ለፈገግ በሉ ዘረጋለት።

ከስንት ጊዜ በኋላ እጁ ካሜራ ጨበጠ። ክብደቱ ደስ አለው። ዓይኑን ከሌንሱ ጀርባ አስጠጋ። ሁሉም ገብተዋል፤ አስተማሪዋ፣ ልጆቹ፣ ሚስቱ እንደ ጨረቃ መሃል ላይ። የስልክ እንጨቱ እስከ አገጩ ገብቷል። ከአገጩ በላይ ምንም የለም፤ የሸሚዝ ኮሌታና ሰማይ ብቻ። እጅግ ያማረ ፎቶ ነበር። ጣቱ ማንሻው ላይ አረፈ።

ሚስቱ ለፎቶ እንደተዘጋጀች፣ ጥርሷን ሳትከፍት፣ በአማርኛ፣ «ራሱን እንዳትቆርጠው» አለችው።

«ማን? እኔ?»

«አንተ።»

በሌንሱ ውስጥ ትኩር ብላ እያየችው ነበር። ጣቱን ከማንሻው አነሳ። ከዚያ ኋላው ቦይ ይኑር አይኑር ሳያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ አልበቃውም፣ አንድ ሌላ ጨመረ። የልጁ ራስ ገባ፤ ከነሳቁ ገባ።

«ፈገግ በሉ» አለ።

ቋንቋውን የማያውቁት ሁሉ ፈገግ አሉ።